ለጀማሪዎች የተመረጠ ዜማ

ቀላል ዘፈን ምረጥልን እያሉ የሚመጡብኝ ሰዎች አሉ። ባለፈው ወር እንኳ ከገላን ኮንዶሚኒየም አንዲት ልጅ መጣች። የሰፈሯን ሕፃናት ሰብስባ መዝሙር ታስተምራለች። «ጋሼ፣ ድሮ ያሠለጥኑ ነበር አሉ። ልጆቹ ድምፃቸው ከዜማው እየወጣ ተቸገርኩ፤ ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ነገር ይንገሩኝ» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዋሸኋት። አውቃለሁ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም። ልጅቷ ቅር ብሏት ሄደች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ 1978 ነው። ያኔ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ ስልክም እቀበላለሁ፣ ደወልም እመታለሁ። ደወል ስል የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዳይመስላችሁ። ከጣቢያው በረንዳ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ክንድ የሚያህል የሐዲድ ቁራጭ ነው። ባቡሩ ከደብረ ዘይት መነሣቱ በስልክ ሲነገረኝ በብረት ሦስት ጊዜ እመታዋለሁ፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በሱ ነበር። ፈረቃ ገቢው ጫማውን የሚያስረው፣ ቸርቻሪዋ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ጣቢያ የምትሮጠው ሐዲዱ ሲመታ ነው።

ከሥራዬ ሌላ አንድ አኮርዲዮን ነበረኝ፤ ከአኮርዲዮኑ ጋር ደግሞ አንድ ቂም። በሃያ ዓመቴ ለአንድ የጦር ኦርኬስትራ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ፈታኙ «ጆሮህ ደህና ነው፤ ጣትህ ግን ደረቅ ነው። ባቡርህን ብትጠብቅ ይሻልሃል» አለኝና በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያንን ሳቅ አሥራ ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ ጓድ ሳህሌ በትኬት መሸጫው መስኮት ብቅ ብሎ «አሠልጣኝ እንፈልጋለን» ሲለኝ ልቤ እንዴት እንደዘለለ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሳህሌ ከሐዲዱ ማዶ ባለው የጆንያ ፋብሪካ የኪነት ኃላፊ ነበር። በዚያ ዘመን ቀበሌውም ፋብሪካውም ኪነት ቡድን እንዲኖረው ግድ ነው። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል፣ የአካባቢው ፋብሪካዎች አዳራሽ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር። የኛ ሰፈር ፋብሪካ ባለፈው ዓመት መድረክ ወጥቶ፣ ሃያ ሰው ሃያ ዓይነት ዘፍኖ፣ ሕዝቡ በሳቅ ሸኝቶታል።

«ዘንድሮም ከተሳቀብን የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ ሳህሌ። «ካሸነፍን ግን፣ ጓድ ቀናው፣ ስምህን ለከተማው ኪነት አሳልፈዋለሁ። ከዚህች መስኮት ትወጣለህ።»

የሰጡኝ አሥራ አራት ሴትና ስድስት ወንድ ነው። ዘፋኞች አይደሉም፤ ጆንያ ሰፊዎች ናቸው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ሲጮህባቸው ውሎ፣ የቃጫ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ወደ ሠራተኞች ክበብ ይመጣሉ። ድምፅ በአኮርዲዮን እሰጣቸዋለሁ፤ አንዷ ከላይ ታነሣዋለች፣ ሌላዋ ወደ ታች ትጎትተዋለች፣ ወንዶቹ ደግሞ በንግግር ድምፅ ያጉረመርማሉ።

ከሁሉም የባሱት እትዬ አሰጋሽ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነው። ባላቸው ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ በወባ ሞቶባቸዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ አምባው፤ እሱም ከሁለት ዓመት በፊት በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። የእትዬ አሰጋሽ ድምፅ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ስለሆነም ስሕተታቸው ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል።

«ቀናው» ይሉኝ ነበር እየሳቁ፣ «እኔ ከንፈሬን ላንቀሳቅስ፣ ድምፁን እነሱ ያውጡት።»

«የሚያስፈልገኝ የርስዎ ድምፅ ነው» እላቸዋለሁ። «ጥፋተኛው ዘፈኑ ነው። ቀላል እመርጣለሁ።»

ይህን ስል አልዋሸሁም። ለጀማሪ ዘፈን ሲመርጥ ሰው የሚሳሳተው፣ ቃሉ አጭር ከሆነ ዘፈኑ የቀለለ ስለሚመስለው ነው። ቃል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ድምፅ የሚዘልበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ሳህሌ ያመጣውን የሰልፍ መዝሙር ሞከርን፤ መነሻው ላይ ትልቅ ዝላይ አለበት፣ ሃያውም ሰው እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሠርግ ዘፈን አመጣሁ። እሱ ዝላይ የለበትም፤ ጭብጨባው ግን ልባቸውን ይወስደዋል፣ ይፈጥናሉ፣ ሲፈጥኑ ድምፃቸው ሽቅብ ይወጣል፣ በሦስተኛው ዙር ከተነሡበት ቦታ የት እንደደረሱ አይታወቅም። የልጆች ጨዋታ ዘፈን ሰጠኋቸው፤ በሳቅ ሞቱ። አንዲት የገላን መንደር ልጅ በኦሮምኛ የአጨዳ ዘፈን አወጣች። ብቻዋን ስትዘፍነው ያምር ነበር፤ ሌሎቹ ሲቀበሏት ግን መታጠፊያው ላይ ይጠፋባቸዋል።

የምፈልገውን በደብተሬ ጻፍኩት። ከአራት ድምፅ ያልበለጠ፤ ከላይ ወደ ታች በቀስታ የሚወርድ፤ ትንፋሽ የሚሰጥ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሳይማረው የሚያውቀው። እንዲህ ያለ ዜማ ስፈልግ ሐምሌ አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ ተሳካልኝ። የመነሻውን ድምፅ በአኮርዲዮን ስሰጣቸው ይጠፋቸው ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ላይ እያለን የፈረቃ ባልደረባዬ የጣቢያውን ሐዲድ ሲመታ ድምፁ በክበቡ መስኮት ገባ። «ይህን ያዙ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ያዙት፣ እትዬ አሰጋሽ ሳይቀሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩት ድምፅ ነው፤ ማን ይሳሳተዋል? ከዚያ ወዲህ ልምምዱን በባቡሩ ሰዓት አደረግሁት። ሐዲዱ ይመታል፣ እነሱም ድምፁን ይይዛሉ፣ በሱ ላይ ይነሣሉ። መነሻ አገኘን፤ ዘፈን ግን አልነበረንም።

በነሐሴ መጀመሪያ በቀለ የሚባል ጡረተኛ የባቡር ነጂ ሞተ። እኔን ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ለቅሶው ላይ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከፋብሪካ የወጡት ሴቶች እያለቀሱ ገቡ፤ እትዬ አሰጋሽ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ትናንት አንድ ድምፅ መያዝ ያቃታቸው። አንዷ እንኳ አልወጣችም። አራት ድምፅ ነው፤ ከላይ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ያርፋል። ማንም አላስተማራቸውም። ሰው ሲያለቅስ እኔ በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ ድምፅ እቆጥር ነበር። ለበቀለ አንድ እንባ አልወጣኝም። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ለዜማው ቃል ሠራሁለት፦

«ይሙላ ጆንያችን፣ ይሙላ ጎተራው፣
ክንዳችን አይዛል፣ አይጓደል ሥራው።»

እትዬ አሰጋሽ አንድ ጊዜ ሰሙኝና ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ እኮ ለቅሶ ነው።»

«ዜማው ብቻ ነው፣ እትዬ አሰጋሽ። ቃሉ ሌላ ነው።»

«ሬሳ በሌለበት? ሟርት ነው፣ ቀናው። ልጄ ጦር ሜዳ ነው ያለው፤ በኔ አፍ አይሆንም።»

«ለልምምድ ነው። ድምፃችሁ እስኪስተካከል ብቻ። ከዚያ ሌላ እንቀይራለን።»

ከጎናቸው የምትሰፋው የሺሐረግ፣ ግቢያቸው አንድ ስለሆነ እንደ ልጃቸው የምትታይ ወጣት፣ «ለልምምድ ከሆነ ምን አለበት እማማ» አለቻቸው። እትዬ አሰጋሽ ወደኔ አዩ። ያምኑኝ ነበር። አማተቡና አነሡት።

እንዴት እንደሆነ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ያ ሁሉ ስሕተት ሲሰማበት የነበረ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሌሎቹ ተቀበሉ፤ ወንዶቹም ሳይቀሩ ገቡበት። በሳምንት ውስጥ ሃያው ሰው አንድ ሰው ሆነ። ከበሮ ጨመርኩበት፣ ጭብጨባ ጨመርኩበት፣ ትንሽ አፈጠንኩት። ሳህሌ መጥቶ ሰማና «በቃ፣ ይሄንን ነው የምታቀርቡት» አለ። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ከድንኳኑ ጀርባ ካርታ የሚጫወት ዓይነት ሰው ነው፤ ዜማውን አላወቀውም፣ ወይም አውቆ ዝም አለ። እትዬ አሰጋሽ «እንቀይራለን ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። «ጊዜ የለንም» አልኳቸው። በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ አስዘፈንኳቸው። እንቅልፋቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አስዘፈንኳቸው።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን በከሰዓቱ ባቡር ታደሰ መጣ። ታደሰና አምባው በአንድ ዙር የሄዱ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ከደብረ ዘይት ሆስፒታል መውጣቱ ነው፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከባቡሩ ደግፌ አወረድኩት። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰው የመጣውን ሰው ከእናቱ በፊት ያየዋል።

«አምባውስ? አብራችሁ አልነበራችሁም?» አልኩት።

ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገባ። «በእጄ ቀብሬው ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሰኔ ሃያ አንድ። ለእናቱ እንዴት እንደምነግር አላውቅም፣ ጋሽ ቀናው።»

«አንተ አትነግርም» አልኩት። «መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። ለእድሩ ሽማግሌዎች እኔ እነግራለሁ፤ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ከጠየቁህ ደህና ነው በላቸው።»

እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ማንም ጨዋ ሰው የሚያደርገው ነው። የእድሩን ዳኛ ጋሽ ገብረጻድቅን በዚያው ማምሻ ላነጋግር አስቤ ነበር። ግን መጀመሪያ ልምምድ ነበረን። ገባሁ። እትዬ አሰጋሽ መሀል ቆመው ያወጣሉ። ሰኔ ሃያ አንድ፤ ልጃቸው ከሞተ ከአንድ ወር ከግማሽ በላይ ሆኖታል፤ እሳቸው ጆንያ ይሙላ ይላሉ፣ በልጃቸው ለቅሶ ዜማ። እጄ ላይ አኮርዲዮኑ ከበደኝ። እውነቴን ነው፣ ያኔ አቁሙ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። መርዶው ነገ ቢነገር ድንኳን ይተከላል። እትዬ አሰጋሽ ከል ለብሰው ይቀመጣሉ። ከአሥራ አራቱ ሴቶች አሥሩ ጎረቤትና እድርተኛ ናቸው፤ ጎረቤት ልጁ ሞቶበት እነሱ መድረክ ላይ ወጥተው አያጨበጭቡም። አሠልጣኝ የሚባል ነገር ያበቃል። እኔም ወደ መስኮቴ እመለሳለሁ፤ ያ ሳቅም ከኔ ጋር።

ከልምምድ ስወጣ ጋሽ ገብረጻድቅ ደጃፋቸው ላይ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ምን ወሬ አለ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም የለም» ብዬ አለፍኩ።

እትዬ አሰጋሽ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ ታደሰን ሊጠይቁ ይሄዱ ጀመር። እንቁላል ይወስዱለታል፣ ወተት ይወስዱለታል። ልጄ ከሳ ወይ፣ ያስለዋል ወይ፣ ያዝናል ወይ ይሉታል። በሳምንቱ ታደሰ በክራንቹ ጣቢያ ድረስ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?» አለኝ።

«መክረውበታል» አልኩት። «ዘመን መለወጫው ይለፍ ብለዋል። በዓል መጥቶባቸው መርዶ አይነገርም አሉ።»

ይህን ውሸት ሳልዘጋጅበት ነው የተናገርኩት፤ ያማረውም ለዚያ ነው። የትኛውም ሽማግሌ እንዲህ ሊል ይችላል። ለበዓል ሲባል መርዶ ማቆየት ያለ ነው። ታደሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ሹራብ ሠርተውለታል» አለኝ። «ሰሜን ይበርዳል፣ የሚሄድ ሰው ስታገኝ ላክልኝ ብለው ሰጡኝ። አልጋዬ ሥር ከትቼዋለሁ። ጋሽ ቀናው፣ እስከ መስከረም አልችልም።»

«ትችላለህ» አልኩት። «ሌላ ምን አማራጭ አለህ?» ትኬት የሚገዛ ሰው መጣና መስኮቱን ከፈትኩ።

መስከረም ሁለት ጠዋት ሐዲዱን ከበረንዳው ፈታሁት። የጣቢያውን ሹም ለምኜ አስፈቅጄ ነው፤ ያለሱ መነሻው እንዳይጠፋቸው ፈርቻለሁ። በካርቶን ጠቅልዬ አዳራሽ ወሰድኩት፣ መድረኩ ጥግ ላይ ሰቀልኩት። ሴቶቹ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ነጭ ነጠላ አገልድመዋል። ከኛ በፊት የወጡት ጮኹ፣ ረገጡ፣ ባንዲራ አውለበለቡ። ተራችን ሲደርስ ሐዲዱን ሦስት ጊዜ መታሁት።

እትዬ አሰጋሽ አነሡት። ኋላ የተቀመጡ አሮጊቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ አየሁ፤ ለምን እንደሳቡት ራሳቸውም አላወቁም። ከበሮው እየተመታ፣ እጅ እየተጨበጨበ፣ ጆንያና ጎተራ እየተባለ ሰው ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ በኋላ ማይክራፎን ይዞ «እንዲህ ያለ ጥልቅ የምርት ስሜት አይተን አናውቅም» አለ። አንደኛ ወጣን።

እትዬ አሰጋሽ እልል አሉ። በሰው መሀል ሮጠው መጥተው አቀፉኝ፤ ላባቸው ፊቴን ነካኝ።

«ለአምባው ጻፍልኝ!» አሉኝ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናትህ ዘፋኝ ሆነች በልልኝ። እንዴት እንደሚስቅ!»

«ነገ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሐዲዱን ጣቢያው በረንዳ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ማታ ጋሽ ገብረጻድቅ ቤት ሄጄ፣ ገና እንደሰማ ሰው ሆኜ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ታደሰ ከመጣ ሦስት ሳምንት አልሞላውም?» አሉ። «ሞልቶታል» አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። መስከረም አምስት ጎሕ ሲቀድ፣ ሰባት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የእትዬ አሰጋሽን በር አንኳኩ።

ቤታቸው ከጣቢያው መቶ እርምጃ አይሞላም። ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል፤ የፋብሪካው ሴቶች ፈረቃቸውን ትተው መጥተዋል፣ አሥራ ሦስቱም። እትዬ አሰጋሽን የሺሐረግና አንዲት ጎረቤት ግራና ቀኝ ይዘው አወጧቸው። የአምባውን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘዋል። በሰፈሩ ለሞተ ሰው ሁሉ ሙሾ ያወረዱ ሴት ናቸው፤ ሰው ሁሉ እሳቸው እስኪያነሡ ይጠብቃል። አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። ደረታቸውን መቱ፣ እንደገና ከፈቱ።

ያኔ ጣቢያው ላይ ሐዲዱ ተመታ። የጠዋቱ ባቡር ከደብረ ዘይት ተነሥቷል፤ ባልደረባዬ ሥራውን መሥራቱ ነው። ሦስት ጊዜ።

ሴቶቹ ድምፁን ያዙት። አስበው አይደለም። እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጌ ያሠለጠንኳቸው።

«ይሙላ ጆንያችን…» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

«ይሙላ ጎተራው…» ብለው አሥራ ሦስቱ ተቀበሏቸው። አንዷም ከዜማው አልወጣችም።

የሺሐረግ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እትዬ አሰጋሽ የተናገሩትን ነገር ከመሬት ላይ የሚፈልጉ ይመስል ቁልቁል አዩ። ከዚያ እንደገና ሞከሩ፤ ልጄ ሊሉ «ይሙላ» ወጣቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም። ዝም ብለው ቁጭ አሉና አለቀሱ፤ ያለ ቃል፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ሳል እየተቆራረጠ። ሴቶቹም ምን እንደሚቀበሉ ጠፍቷቸው ዙሪያቸውን ቆሙ። እኔ ወንዶቹ መሀል ነበርኩ፤ መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታደሰ ከጋሽ ገብረጻድቅ ጎን ተቀምጦ ነበር። «በዓሉ እስኪያልፍ ያቆያችሁት ለሳቸው ብላችሁ ነበር፤ ግን ባይቆይ ይሻል ነበር» ሲላቸው ሰማሁት። ሽማግሌው «ማን አቆየ? እኛ የሰማነው ትናንት ወዲያ ነው» አሉት። ታደሰ ዞሮ አየኝ። ክራንቹን ይዞ ተነሣ፣ በመሀላችን አልፎ ከድንኳኑ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ።

ዋንጫው የት እንደገባ አላውቅም። ሳህሌ ስሜን ለማንም አላሳለፈም፤ በጥቅምት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ተረሳሳን። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ ከዚያች መስኮት አልወጣሁም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሸጥኩትን በስንት እንደሸጥኩት እንድታውቁት ነው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አሰጋሽ ጠሩኝ። ለቅሶ ደራሹ ቀለል ብሎ ነበር። የአምባው ሹራብ ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፏል፤ ታደሰ መልሶላቸዋል፣ ሌላውንም ሁሉ ነግሯቸዋል። ፊታቸው ተቀመጥኩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«እትዬ አሰጋሽ፣ እኔ በዓሉ…»

እጃቸውን አነሡ።

«ሦስት ቀን ሞከርኩ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ሌሊትም ቀንም። ስጀምረው ጆንያው ነው የሚመጣብኝ። ባሌን በሱ አልቅሼዋለሁ፣ እናቴን በሱ አልቅሻታለሁ። ሌላ አላውቅም። ያንን አንተ ወሰድከው።»

ሹራቡን አገላበጡት። ከዚያ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። የሚጠይቁኝ የምራቸውን ነበር።

«አንተ መምረጥ ታውቅበታለህ፣ ቀናው። ልጄን የማለቅስበት ሌላ ዜማ ምረጥልኝ። ቀላል ይሁን። ጀማሪ ነኝ።»